ከበሮ ሲመታና ዝም ሲል

በሰላ ድንጋይም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ደጋ በዓልና ደስታ ያለ ከበሮ አይደምቅም። በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ፣ በሠርግ ሙሽራ ስትቀበል ከበሮ ይሰማል። ይሁን እንጂ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ በተቀመጡበት በ19ኛው መቶ ዓመት ሕዝቡ ሌላም ድምፅ ያውቅ ነበር፤ አዋጅ የሚያስነግረው፣ ሠራዊት የሚያስከትተው ነጋሪት። ቆዳው አንድ፣ ምቱም ተመሳሳይ ሲሆን አንዱ ለምስጋና፣ ሌላው ለጦርነት ይጠራል። እንግዲህ ከበሮ በልባችን የሚቀሰቅሰው ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ማለት እንችላለንን?

ምት የፍጥረት ሥርዓት ነው። ሰው ብርሃን ሳያይ በማኅፀን የእናቱን የልብ ትርታ ይሰማል፤ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ በተራ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ስጦታው መልካም ነው። የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ አንሥታ አመስግናለች። ነቢዩ አሞጽ ግን ፍርድን ያጣመሙ ሰዎች የሚያሰሙትን ዝማሬ እግዚአብሔር እንደማይቀበለው ነግሮናል።

ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር በምንጋራው በቅዱስ ያሬድ ትውፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ እናገኛለን። ሊቃውንቱ በከበሮው ላይ የተጠላለፈውን ጠፍር በጌታችን ሥጋ ላይ የወረደው ግርፋት ምሳሌ ነው ይላሉ። መቺው በደስታው መካከል ሕማሙን ያስባል። በማኅሌቱም መረግድ በዝግታ ይጀምራል፣ ጽፋት ይፈጥናል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ዝማሜው በመቋሚያ ብቻ ይሆናል። ሊያስቀምጡት የሚቻል ነገር አገልጋይ ነው፤ ሊተዉት ያልተቻለ ግን ጌታ ሆኗል። ስሜታችንም የሚፈተነው በዚሁ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ የሕዝቦች ባህላዊ ዜማ ተገቢውን ክብር እንዲያገኝ አስተምሯል። ስለዚህ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ወጣቶቻችንን ከበሮ ስናስተምር ማዳመጥንም እናስተምራቸው። ብቻውን የሚቸኩል መቺ ማኅበሩን ይበትናል፤ ባልንጀራውን የሚጠብቅ ግን ብዙውን ድምፅ አንድ ያደርጋል። ከዝማሬው በኋላ ከተጣላነው ወንድማችን ጋር ሳንታረቅ ወደ ቤታችን ከተመለስን እጃችን እንጂ ልባችን አልዘመረም። ልባችንንም ከእጃችን ጋር እንዲያስማማልን የእግዚአብሔር ጸጋ ይርዳን።