ሁለቱ እንግዶች

ከሕንድ አገር፣ ከኬረላ የመጣ አንድ የሂሳብ መምህር ነበረ አሉ። በ1959 ዓ.ም. በኮንትራት ተቀጥሮ ሚስቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቹንና አንዲት ሕፃን ሴት ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ደመወዙ በወረቀት ሰፍሯል፤ የሚያስተምረውም አራዳ ውስጥ እንደሆነ ያውቃል። የት እንደሚያድር ግን ማንም አልነገረውም።

የውጭ አገር መምህር ያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ብርቅ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ናቸው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ለረጅም ጊዜ የመሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያንም ካህናት ስለነበሩ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ የቤት ነገር አላስጨነቃቸውም። ለ1955 የትምህርት ዘመን የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ደግሞ አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ቤት ይይዛሉ። ላጤ የትም ያድራል። ሕንዳዊው መምህር ግን ቤተሰቡን አንጠልጥሎ ነው የመጣው።

እናም ፒያሳ ካለ ርካሽ ሆቴል አምስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ታጨቁ። ሚስትየዋ በላምባ ምድጃ ተደብቃ ሩዝ ትቀቅላለች፤ ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው የሆቴሉ ዘበኛ በሩን ያንኳኳል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰነበቱና አንድ ሰው ለመምህሩ፣ «ቤት የምትፈልግ ከሆነ አትክልት ተራ ውረድ» አለው።

ገበያው በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከመነሣቱ በፊት የነበረውን አትክልት ተራ የሚያውቅ ሰው የዚያን ቦታ ጠዋት አይረሳም። ኤንትሬ መኪና ጭነቱን ያራግፋል፣ ወዛደሩ ጆንያ ተሸክሞ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይሮጣል፣ የተረገጠው ጎመን ከጭቃው ጋር ተለውሶ ጫማ ሥር ይንሸራተታል። ደላላው የሚገኘው እዚህ ነበር። ጠዋት ሽንኩርት ያሻሽጣል፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ያከራያል። እንግሊዝኛውና ጣልያንኛው ፍርፋሪ ቢሆንም ለሥራው ይበቃዋል።

ደላላው መምህሩን መጀመሪያ ሠራተኛ ሰፈር ወሰደው። አከራዩ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣

«ስንት ናችሁ?» አለ።

«አምስት።»

በሩ ተዘጋ። ገዳም ሰፈርም እንዲሁ ሆነ። ሌላም ቦታ። አከራይን በክፋት ለመክሰስ አልቸኩልም። ግቢው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ማስመጠጫው ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። የቧንቧ ውሃው ቆጣሪም በባለቤቱ ስም ነው። ልጅ በበዛ ቁጥር ሁለቱም ይፈጥናሉ። ቢሆንም ከልጆቹ ጋር ደጃፍ ለደጃፍ ለሚንከራተት አባት ይህ ማብራሪያ ምኑም አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ደላላው መምህሩን ከአንድ የቲማቲም ሳጥን ፊት አቆመው። ከላይ የተደረደረው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንጨቱ ያልነካው ቲማቲም ነው። ደላላው እጁን ሰዶ ከሥር አንዱን አወጣ፤ ተጨፍልቆ ውሃው በክንዱ ላይ ወረደ።

«ተመልከት ጌታዬ። የሚሸጠው ከላይ ያለው ነው። ከሥር ያለውን ገዢው ቤቱ ሲደርስ ያገኘዋል። ለዚህ ብሎ ማን ተመልሶ ይመጣል? አንተም ሦስት ነን በል። ሁለቱን ኋላ ታስገባቸዋለህ።»

መምህሩ ክፍል ውስጥ መልሱን ብቻ ጽፎ መንገዱን ላላሳየ ተማሪ ዜሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሆኖም ያን ማታ ሆቴሉ ውስጥ ሕፃኗ ስታስል አደረች። በማግሥቱ ደላላውን ተከትሎ ሄደ።

ቤቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት ባለው ቤት ባሏ የሞተባት ባለቤት ትኖራለች፤ ከኋላ ያለውን ባለ ሦስት ክፍል ታከራያለች። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ያን ጊዜ ግን ውሉ አፍ ነው። ዋጋው በወር 95 ብር፣ የሰው ብዛት ሦስት ተባለና ተጨባበጡ።

በሳምንቱ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው መጡ።

«የወንድሜ ልጆች ናቸው እትዬ» አለ መምህሩ። «ለክረምት እንግድነት ነው።»

ክረምቱ ወጣ። በእንቁጣጣሽ ሴትየዋ «እንግዶቹ መቼ ነው የሚሄዱት?» ብትል «ለገና» አላት። በገና ስትጠይቀው «ለፋሲካ» አለ። ጥያቄው እየዋለ እያደረ ሰላምታ ሆነ፤ በረንዳ ላይ ሲተላለፉ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ የሚቀጥለውን በዓል ይጠራል። እንግዶቹ ስምንት ዓመት ከረሙ።

አታውቅም ነበር እንዴ? እንዴት አታውቅ! ገና በመጀመሪያው ወር መደብ ላይ ቃሪያ የምትሸጠው ጎረቤቷ ነግራታለች፤ ሚስትየዋ የምትሸምተው ለሦስት ሰው የሚሆን አይደለም፣ እንግዳም እንዲህ በየሳምንቱ አይሸመትለትም። ከዚያም በላይ ሦስቱም ልጆች የመምህሩን አፍንጫ አንድ በአንድ ወርሰዋል። እያወቀች ዝም አለች።

ይህን ዝምታዋን ደግነት የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። በሐሰት የገባ ተከራይ አፍ የለውም። ጣራው ሲያፈስ መምህሩ መሰላል ተውሶ፣ ሬንጅ አቅልጦ ራሱ ደፈነው። አጥሩ ሲወድቅ ራሱ አቆመው። ሽንት ቤቱ ሲሞላ ማንም ሳይጠይቀው ግማሹን ከፈለ። ሴትየዋ አንድ ቃል ባለመናገሯ ስምንት ዓመት ሙሉ የማያጉረመርም ተከራይ ኖራት። እሱም የማይጨምር ኪራይ ነበረው። ሁለቱም አትርፈዋል፤ በመካከላቸው ግን ከልብ የሆነ ወሬ አልነበረም፤ ያቺው የበዓል ጥያቄ ብቻ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ሰው የሚኖርበትን አንድ ቤት ይይዛል፤ ሌላው ይወሰዳል። እስከ 100 ብር የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ፤ ዝቅተኛው ኪራይም እንዲቀነስ ተደረገ። በአራዳ ለኪራይ የተሠራው የጭቃ ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ጌታ ለወጠ። አንዳንዱ ተከራይ ከበሮ መታ። አንዳንዱ አከራይ አልጋ ላይ ወደቀ።

መምህሩ እንቅልፍ አጣ። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ምን ይበል? «አከራይታኛለች» ካለ ቤቷን በገዛ አፉ አስወሰደ። «ዘመዴ ናት» ቢል ደግሞ መልኩን አይቶ የማይስቅ የለም።

መዝጋቢው አንድ ጎረምሳ ነበር፤ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ስንት ናችሁ?»

«ሦስት» አለ መምህሩ። አስቦበት አይደለም፤ ምላሱ የለመደችውን ነው ያወጣችው።

ሴትየዋ ከፊት ቤት በር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ትሰማ ነበር።

«አምስት ናቸው» አለች። «ጻፍ። ባልና ሚስት፣ ትልቁ ልጅ፣ ታናሽዬው፣ ሴቷ ልጅ። ሁሉም የገዛ ልጆቹ ናቸው። ዛሬ ካልጻፍካቸው ነገ ከመዝገብህ ውጭ ናቸው ብለህ የምታባርራቸው አንተው ነህ።»

ጎረምሳው ቀና አለ። «ቤቱን የሚያከራዩት እርስዎ ነዎት እናቴ?»

«ነበርኩ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

መምህሩ ያን ቀን እራት አልበላም ይባላል። የዋሸባት ሴት ቤቷን በምታጣበት ሰዓት የልጆቹን ቁጥር አስተካከለችለት። ቤቱን ለማስቀረት መሞከር ትችል ነበር። ዝም ብትልም ማንም አይወቅሳት።

ከዚያ ወር ጀምሮ መምህሩ ኪራዩን በደረሰኝ ለቀበሌ ይከፍል ጀመር፤ ከቀድሞው ያነሰ ነው። የቀነሰውን ብር ግን ኪሱ አላስገባም። የግል ኪራይ በአዋጅ ክልክል ስለነበረ በጋዜጣ ጠቀለለው፤ ከመደቧ ሴትዮ በከረጢት ቃሪያ ገዝቶ ከሥር ከተተውና የፊት ቤቱን በር አንኳኳ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጆቹ ነው።»

«የየትኞቹ?»

«የእንግዶቹ። ስምንት ዓመት አልከፈልኩም።»

ሴትየዋ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ በመጨረሻ ተቀበለች። ኪራዩ ቀርቶባት በጠላ ንግድ የምትተዳደር ሴት ነበረችና መግደርደሩን አላበዛችውም። ቡና አፈላች። ስለ ሟች ባሏ አወራችው፣ እሱም ስለ እናቱ። ተጎራብተው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ስኒ ቡና አብረው ሲጠጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ወር በመጣ ቁጥር ቃሪያው በዚያው በር ይገባል። በ1969 ትልቁ ልጅ ለኮሌጅ ትምህርት ወደ ሕንድ ሄደ። በሚቀጥለው ወር መምህሩ እንደ ልማዱ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ሴትየዋ ጋዜጣውን ፈትታ ብሩን ቆጠረች፤ እንደገና ቆጠረች፤ ግማሹን ነጥላ መለሰችለት።

«አንዱ እንግዳ እኮ ሄዷል» አለችው። «ሂሳብ ነው የሚያስተምረው የሚሉህ አንተን ነው?»