«ሲደረግ ይሰፋል»

መርካቶ ጫማ ሊገዛ የገባ ሰው ከሻጭ አፍ የማያጣው አንድ ቃል አለ፤ «ሲደረግ ይሰፋል» የሚል። ጫማው ጣቱን ቆንጥጦ ገዢው ፊቱን ሲያኮሳትር ሻጩ ቆዳውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ «ሁለት ቀን ነው፣ ይለቃል» ይላል። ሐቁን ለመናገር ለስላሳ የከብት ቆዳ በመጠኑ ይለቃል። ከፕላስቲክና ከሰው ሠራሽ ቆዳ የተሠራው ግን እምብዛም ነው። ጫማው አልለቅ ሲል ተሸናፊው እግር ይሆናል፤ አውራ ጣት ወደ ጎኑ ይጋደማል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጭ ይገፋል፣ የትንሿ ጣት ቆዳ ይደድራል፣ ጥፍር ሥጋ ውስጥ ይቀበራል።

የወላጆች ስህተት ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ለከርሞም ይሁነው» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ይገዛና ጫፉ ላይ ጨርቅ ይወተፍበታል። በዚህ ኑሮ ማንም አይፈርድባቸውም። ልጁ ግን ጫማው እንዳይወልቅበት ጣቶቹን ጨብጦ ይራመዳል፣ ሲሮጥም ይደናቀፋል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ካለ ለልጅም ለአዋቂም በቂ ነው።

እግር ቀኑን ሙሉ አንድ መጠን አይደለም። ሲቆሙና ሲራመዱ ውለው ማታ ላይ አበጥ ይላል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ አመሻሽ ላይ የሚጠበውም ለዚህ ነው። እንግዲያው ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው። የብዙ ሰው ቀኝና ግራ እግርም እኩል ስላልሆነ ሁለቱንም አጥልቆ፣ ቆሞ፣ ለትልቁ እግር መግዛት ይበጃል። ቁጥሩን ማመን አይገባም፤ የአንዱ ፋብሪካ 40 ከሌላው 40 ጋር ላይገጥም ይችላል።

ጫማ ደጋፊ መሆኑን ለማወቅ ሙያ አይጠይቅም፣ እጅ ይበቃል። መጀመሪያ የተረከዙን መያዣ ከኋላ በሁለት ጣት መጫን፤ ከታጠፈ ቁርጭምጭሚትን አይዝም። ቀጥሎ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዞ ማጠፍ፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። በመጨረሻም መጠምዘዝ ነው፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመዘዝ ከሆነ ዋጋው ሺህም ይሁን አሥር ሺህ ለእግር አይሆንም። የሳልቫጅ ጫማ የሚመርጥ ሰው ሶሉን ገልብጦ ይይ፤ በአንድ ጎን የተበላ ከሆነ በቀድሞው ባለቤት አረማመድ ተቀርጿልና አዲሱንም ሰው ወደዚያው ያጋድለዋል።

ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ተረከዝ የሚወጋቸው ብዙዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያመው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው፣ የውስጥ እግርን ቅስት የሚይዘው ጠንካራ ጅማት ነው። ቆመው የሚውሉ አስተናጋጆች፣ ጥበቃዎች፣ መምህራንና ነርሶች ይህን ያውቁታል። በዓረብ አገር ቤቶች ሴራሚክ ላይ በቀጭን ነጠላ ጫማ ሲመላለሱ የሚውሉ እህቶችም እንዲሁ። ቤት ውስጥም ቢሆን ሶሉ ወፈር፣ ተረከዙ ጠንከር ያለ ጫማ ማድረግና ባትን በየቀኑ ማሳሳብ ያስታግሳል። ሕመሙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በሳምንት ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

የአዲስ አበባ ኮብልስቶንና ቀጭን ታኮ ደግሞ ፈጽሞ አይስማሙም። ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት ገፍቶ ጣቶች ሥር ያሳርፈዋል፤ ድንጋዩ መሐል ሲሰነቀር ወለምታ ይከተላል። አንዴ ወለም ያለው ቁርጭምጭሚት ደግሞ በቀላሉ ይደግመዋል። ሰርግ ያለባት ሴት ታኮዋን በቦርሳ ይዛ፣ መንገዱን በዝቅተኛ ጫማ ብትሄድ ማንም አይታዘባትም። እግሩ አብጦ አልረግጥ ካለም ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ መነሣት ይቅደም፤ ስብራት ሊሆን ይችላል።

የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ነርቭ ሲጎዳ እግር ሕመም አይሰማውም፤ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈገፍግ ውላ ማታ ቁስሉ ይታያል። ቁስሉ ካመረቀዘ እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጫማ ከማጥለቅ በፊት እጅን ሰድዶ መዳበስ፣ ማታ ማታም ውስጥ እግርን ማየት የግድ ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልሮጠም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሮጧል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ጫማውን የተወው ግን የሚመቸው ስላላገኘ ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። በባዶ እግር መሄድ ለገበሬው ጀግንነት ሳይሆን አደጋ ነው። ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረው የደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ያለ ጫማ የሚሠሩ ሰዎችን እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታ በወላይታም በጎጃምም ብዙዎችን ጎድቷል። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው።

ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ጫማ አጥልቆ፣ ክሩን አስሮ፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት መብት ነው። ሻጩ «ሲደረግ ይሰፋል» ብሎ ከተከራከረም ጎረቤቱም ጫማ ይሸጣል።