መረቡ ሲሞላ

የባሕር በር ካጣንበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ተቀምጦ ስለ ባሕር ማንበብ ሥራ መፍታት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ሰሞኑን ኖርዌያዊው ሞርተን ስትሮክስነስ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ይዤ ሰነበትኩ። እሱና ሁጎ የተባለ ሠዓሊ ወዳጁ በሎፎተን ደሴቶች አካባቢ በጎማ ጀልባ የግሪንላንድ ሻርክ ሊያጠምዱ ይወጣሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት የሚኖር ዓሣ ነው፤ ትኩስ ሥጋው ግን መርዝ አለው። ታዲያ ምን ሊያደርጉት? አብረው መዋል ፈልገው ይመስለኛል። እዚያች ጀልባ ላይ አንዱ ከሌላው የሚሸሽገው ነገር የለም። የእኛም ብሎክ ከዚያች ጀልባ ብዙ አይሰፋም፤ የጎረቤት ሽሮ ሲንተከተክ እንሰማለን።

ጀልባ ካነሣን፣ ወደ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንሂድ። እነ ጴጥሮስ ሌሊቱን ሲደክሙ አድረው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ሁላችንም እንሰብካለን። የምንዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። በጌታ ቃል የጣሉት መረብ ሞልቶ ሊቀደድ ሲል፣ በሌላው ጀልባ ያሉትን ባልንጀሮቻቸውን በምልክት ጠሩ። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ የሥራ ተካፋዮቻቸው ነበሩ። አስተውሉ፤ ወንጌሉ ጥሪውን የጻፈልን በባዶው ሌሊት አይደለም።

እኛ ለሐዘን ማንም አይቀድመንም። ድንኳን ሲተከል የእድሩ ወንበርና ድስት ፈጥኖ ይደርሳል። ሲሞላልንስ? በፈረቃ የሚለቀቅልን ውሃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲመጣ፣ ቧንቧው ሲያጉረመርም ቀድሞ የሰማው ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ በሩን ዘግቶ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ የሽሮ ድስቱን ሳይቀር ይሞላል። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያገኙት፣ «ለካ መጥቶ ነበር?» ይላል! ሌላው በነጠላ ጫማ ወጥቶ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል።

«ሁሉም ከከፈተ ግፊቱ ይቀንሳል፣ እኔ ጋ ጠብ አይልም» የምትሉ አላችሁ። እውነታችሁን ነው፣ ይቀንሳል። ጴጥሮስም ባልንጀሮቹን ስለጠራ ሥጋቱ አልቀለለለትም፤ ሁለቱም ጀልባዎች ሞልተው ሊሰጥሙ ደርሰው ነበር። ወንጌላዊው ይህን አልሸሸገንም። ቢሆንም ጠራቸው።

ዛሬ ማታ ፈረቃው የእኛ ከሆነ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ጆሯቸው ከበድ ብሏልና በሩን ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። ጀሪካኑንም እናንተው ሙሉላቸው።