ውበት በስንት ነፍስ ይገዛል?

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ሲሠራ የሰው ሕይወት ቢጠፋበት፣ ተመልካች በሥራው ውበት ሊደሰት ይገባዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኔን ግን በቅርቡ ያነሣሣኝ «ሄልስ ኤንጅልስ» የተባለውን በ1930 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ የአሜሪካ ፊልም እንደገና መመልከቴ ነው።

ሃዋርድ ሂውዝ ይህን የአየር ጦርነት ፊልም በ1927 ሲጀምር ድምፅ አልባ ነበር። ሥራው ሳያልቅ ድምፅ ያለው ሲኒማ ስለ መጣ፣ የንግግሩን ክፍል በጄምስ ዌል መሪነት እንደ አዲስ አስቀረጸው። ይህ ክፍል ዛሬ ሲታይ አርጅቷል፤ ተዋንያኑ ከማይክሮፎኑ እንዳይርቁ የሠጉ ይመስል ተገትረው ይናገራሉ። ካሜራው ወደ ሰማይ ሲወጣ ግን የፊልሙ ዕድሜ ይረሳል። አይሮፕላኖቹ በደመና መካከል ሲሳደዱና ሲገለባበጡ ዓይንን መንቀል ያስቸግራል። ፍጥነታቸው ጎልቶ የሚታየው ከበስተኋላቸው ደመና ሲኖር ነውና፣ ሂውዝ ደመና ፍለጋ ሥራውን ወደ ኦክላንድ እስከ ማዛወር ደርሷል።

ውበቱ እውነተኛ ነው፤ የተከፈለበትም ዋጋ እንዲሁ። በቀረጻው ዘመን አብራሪዎች ሞተዋል። በ1929 ደግሞ ትልቁ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ተመትቶ የሚወድቅ መስሎ እንዲታይ ሲቀረጽ፣ አብራሪው በፓራሹት ዘሎ ሲተርፍ፣ ከኋላ ሆኖ ጭስ እንዲያጨስ የተመደበው መካኒክ ፊል ጆንስ ሳይወጣ ቀረ።

የሚያስደንቀው፣ ፊልሙ ራሱ በዚህ ነገር ላይ ፍርድ መስጠቱ ነው። የጀርመን ዜፔሊን ሎንዶንን ሊደበድብ በሌሊት ይመጣል። በኦክስፎርድ የተማረውና እንግሊዛውያን ወዳጆች ያሉት ካርል፣ ከመርከቡ በታች በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ቦምቦቹ ውሃ ላይ እንዲወድቁ ሆን ብሎ ያሳስታል። የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ሲቃረቡ አዛዡ መርከቡ ቀልሎ ከፍ እንዲል ገመዱን ያስቆርጣል። ያም አልበቃ ሲል ወታደሮቹ ተራ በተራ ወደ ጨለማው ይዘላሉ። ተመልካች አዛዡን ይኮንናል፤ ሰውን እንደ ሸክም ቆጥሯልና። ታዲያ ለትርኢት ሲል ሰውን ከሞት አፋፍ ያቆመው ፊልም ሠሪ ከዚያ አዛዥ በምን ይለያል?

ልዩነት የለም ማለት ግፍ ይሆናል። አብራሪዎቹ በፈቃዳቸው፣ በክፍያ ነበር የበረሩት። ሂውዝም አደጋውን ለሌሎች ብቻ አልተወም፤ በቀረጻው ጊዜ ራሱ ሲያበር ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል። ሆኖም የሠራተኛው ፈቃድ የአሠሪውን ዕዳ ያቀላል እንጂ አይሰርዝም። እንጀራ ፈላጊ እሺ የሚለው ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አይደለምና።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ፊልሙ ከታየ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። በዚያ ጦርነት ቦምብ ከጣሉት አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር። እርሱም ኋላ በጻፈው መጽሐፍ በቦምብ የተበተኑትን ሰዎች ከሚፈካ ጽጌረዳ ጋር አመሳሰላቸው። በ1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ አንድ አብራሪ ጀግንነት የተሠራ ፊልም የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነ። ከላይ ሆኖ ውበትን ብቻ የሚያይ ዓይን፣ ከታች ያለውን ሰው ለመርሳት ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ፊልሙን አንመልከተው? «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» እንደሚባለው ነው። ፊታችንን ብናዞር የሞቱትን አናስነሣም፤ ይልቁንም የደከሙበትን ሥራ አብረን እንቀብራለን። ዛሬ እንዲህ ያለው ውጊያ የአንድም ሰው ሕይወት ሳይጠፋ በኮምፒዩተር ሊሣል ይችላል። ዓይናችን አሁንም ወደ አሮጌው ፊልም ቢያዘነብል እንኳ፣ ይህ ለኅሊና ትልቅ እፎይታ ነው። ከቶ የማይፈቀድልን፣ ዋጋውን ካወቅን በኋላ እንዳላወቀ ሰው መደሰት ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ፣ ከአይሮፕላን የሚወጣው ጭስ ለእኔ ጭስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ባየሁት ቁጥር፣ ከበስተኋላው ሥራውን የሚሠራ ሰው ይኖራል ብዬ አስባለሁ።