የውበት ሚዛን በማን እጅ ነው?

ውበት ተመዝኖ ደረጃ ሊወጣለት ይችላልን? ይህ ጥያቄ ኅዳር 11 ቀን 1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) ለንደን፣ በሮያል አልበርት አዳራሽ በተካሄደው የ«ሚስ ዎርልድ» ውድድር ላይ በግልጽ ተነሥቷል። አሜሪካዊው ቀልደኛ ቦብ ሆፕ መድረክ ላይ ሳለ፣ «ሴት የገበያ ከብት አይደለችም» ባይ የሴቶች ነፃነት ታጋዮች ዱቄት በትነው ትርዒቱን ለጊዜው አቋረጡት።

በዚያው ምሽት ዘውዱን የደፋችው ጥቁሯ የግሬናዳ ተወላጅ ጄኒፈር ሆስተን ነበረች። ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ፐርል ጃንሰን ግን የአገሯን ስም እንኳ አልያዘችም፤ በዘመነ አፓርታይድ ያ ስም ለነጭ ተወዳዳሪ ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ እርሷ ስሙ ተገልብጦላት «አፍሪካ ሳውዝ» ተብላ ቀረበች።

የነጭ መልክ የውበት መለኪያ ሆኖ በኖረበት ዓለም የሆስተንን ድል ከንቱ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም በሩ ለተገፉት መከፈቱ ሚዛኑን ትክክለኛ አያደርገውም፤ ዘውዱ ከአንዷ ራስ ወደ ሌላዋ ቢሸጋገርም፣ ሰውን በቁመናው የሚተምነው ልማድ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ወቀሳው የሚገባው ለተወዳዳሪዎቹ ሳይሆን ክብራቸውን በነጥብ ለሚመነዝረው ሥርዓት ነው። ጃንሰን የተነፈገችው የአገር ስም የማንም ዳኛ ሽልማት አልነበረም፤ ቀድሞውኑ የእርሷ ነበርና።