ስልክ ሲርቅ የሚርበተበት ልብ

ልጆቼ፣ ስልኩ ከእጁ ሲርቅ የሚርበተበተውን ሰው አትሳቁበት። ታክሲ ውስጥ ኪሱን ዳብሶ ሲያጣው ክው የሚለውን፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ቻርጀር የሚለምነውን፣ ስልኩ ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ መስሎት ጭኑን የሚነካውን እያያችሁ «ዘመን ያመጣው ቅብጠት ነው» አትበሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ኖሞፎቢያ የሚል ስም ወጥቶለታል። ሐኪሞች የአእምሮ ሕመሞችን የሚዘረዝሩበት መዝገብ ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ አላሰፈረውምና ልጃችሁን «በሽተኛ» ብላችሁ አትጥሩት። በሽታ አልተባለም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም።

በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት አለ። ለ40 ሰዎች የደም ግፊት መለኪያ አስረው ቃል የማፈላለግ እንቆቅልሽ ሰጧቸው። «ስልካችሁ መለኪያውን እየረበሸ ነው» ብለው ወሰዱና ራቅ አድርገው አኖሩት፤ ሰዎቹ እንቆቅልሹ ላይ እንዳቀረቀሩም ደወሉበት። ስልኩ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይሰማል፣ ተነስቶ ማንሳት ግን አይችልም። ያን ጊዜ የልባቸው ምት ፈጠነ፣ ግፊታቸው ጨመረ፣ የሚያገኟቸው ቃላትም አነሱ። ሰው በአፉ ቢያስተባብል ደሙ እንዲህ ይመሰክርበታል።

ይህ ከየት መጣ? ስልክ በነካነው ቁጥር ደስታ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልያዘን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለውም፤ አንዳንዴ ግን መልካም ወሬ ይዞ ይጠብቃል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ሁልጊዜ ቁራሽ የሚጣልለት ውሻ ጠግቦ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጣልለት ግን ዓይኑን ከእጃችን ላይ አይነቅልም። ሌላም አለ። ጭንቀቱ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኩን ስናነሳ ለጊዜው እፎይ እንላለን፤ በዚያች እፎይታ ልባችን «ያለ እሱ አልችልም» ማለትን ይማራል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅምና ከአልጋ ወደ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ ለቅሶ ቤት ይከተለናል። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጦ፣ የሟች ደግነት እየተነሳ፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን በአውራ ጣቱ የሚገፋ ጎልማሳ አይቻለሁ። ንቀት አልነበረም፤ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እጁ ልቡን ቀድሞት ነው።

ይሁንና ሁሉን ፍርሃት አንድ ላይ አትጨፍልቁት። ልጇ ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እናት ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ብታድር ማን ይፈርድባታል? ልጅቱ በኢሞ የምትደውለው አሠሪዎቿ ፋታ ሲሰጧት ነው፤ ያቺ ሰዓት ካመለጠች ቀጣዩ ጥሪ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በትግራይ ጦርነት ዘመን መስመሩ ተዘግቶ ስንቱ የወላጁን መኖር አለመኖር ሳያውቅ ወራት እንደገፋም አንረሳውም። እንዲህ ያለውን ጭንቀት ሱስ ማለት ግፍ ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው።

የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ይህን ፍርሃት ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ2015 ባዘጋጁት የ20 ጥያቄ መጠይቅ አራት ነገር ለይተዋል፦ መነጋገር አለመቻል፣ ከሰው ተነጥሎ መቅረት፣ መረጃ ማጣት፣ የለመዱትን ምቾት ማጣት። እናንተም ስልካችሁ የራቀ ዕለት የፈራችሁት የትኛውን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። መላው የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የምትወዱትን ሰው ድምፅ ማጣት ከሆነ የምትፈሩት፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ቁጥሮቻችሁን በወረቀት ጻፉ፤ የዘመድንም፣ የእድር ዳኛውንም። ዓረብ አገር ያለችው ልጅ የጎረቤት ቁጥር ይኑራት። ገንዘባችሁ ስልክ ውስጥ ከሆነም ጥቂት ጥሬ ብር ከቤት አይታጣ።

ልማዱ ሲሆን ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቡና ሲፈላ የሁሉም ስልክ ጓዳ ይግባ፣ መጀመሪያ ለአቦል ብቻ። ደረት ይጨነቃል፣ እጅ ይቅበዘበዛል፤ ተዉት፣ ተነስታችሁ አትሩጡለት። ጭንቀት ካልሸሹት ጥቂት ከፍ ብሎ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ሲወርድ ያየ ሰው ለሚቀጥለው ቀን ልብ ያገኛል። ሲለመድ እስከ ቶና፣ ከዚያም እስከ በረካ። የሚጠባበቀው ጥሪ የሌለው ሰው ሌሊትም ስልኩን ሌላ ክፍል ያሳድር፤ ለመቀስቀሻ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

ወላጆች፣ ከልጅ እጅ ስልክ መንጠቅን አልመክራችሁም። የተነጠቀ ልጅ መደበቅን ይማራል እንጂ መታገሥን አይማርም። አባት ስልኩን ቀድሞ ጓዳ ያስገባ፣ እናት ትከተል፣ ልጁ ያኔ ይጠየቅ። ሲመልስም አትዘልፉት፤ የቀረበት ምን እንደሆነ ሲያወራ ስሙት፤ ብዙ ጊዜ ከስልኩ በታች ያለው ፍርሃት ጓደኞቹ እንዳይረሱት ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ ትምህርቱን ወይም ሥራውን የተወ ካለ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቤት ውስጥ ብቻ አታስታምሙት። በጸሎቱም በርቱ፣ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታልም ውሰዱት፤ ብቻውን አትላኩት፣ ካርድ እስኪያወጣና ተራው እስኪደርስ አብራችሁት ተቀመጡ።