ሰንጢና ስፍራው

ባለፈው ዓመት በደመራ ዕለት አመሻሹ ላይ፥ በኮተቤ በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ምእመናን እየተፈተሹ ይገቡ ነበር። በበዓላት ቀን የሚደረግ ፍተሻ በከተማችን የተለመደ ስለ ሆነ ማንም ቅር አላለውም። ከሚገቡት መካከል እሑድ እሑድ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ በማስተማር የሚረዳን የ17 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ከሱሪው ኪስ አንዲት ሰንጢ ተገኘችበት። እጀታዋ ከቀንድ የተሠራ፥ ስለቷ ከመሳል ብዛት የሳሳ፥ አሮጌ ሰንጢ ናት። ጥበቃው አምጥቶ በእጄ አኖራት። እኔም በሰው ሁሉ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ ወደ እግዚአብሔር ቤት ስለት ይዞ የሚመጣ ምን ዓይነት አስተማሪ እንደ ሆነ ጠየቅሁት፤ ካህን ሊቈጥበው የሚገባውንም ቃል ጨመርሁበት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፥ «ሸንኮራ መላጫ ናት፥ አባ» ከማለት በቀር አንዳች አልመለሰም።

ይህን ሁሉ ስናገር በቀሚሴ ኪስ ውስጥ የራሴ ሰንጢ ነበረች። ወደ ዘርአ ክህነት በገባሁበት ዓመት አባቴ የሰጠኝ ናት። መፋቂያ እቀርጽባታለሁ፤ ደብዳቤ እከፍትባታለሁ፤ በመቅረዝ ላይ የደረቀውን ሰም እፍቅባታለሁ። ካህንን ማንም አይፈትሽምና ከእኔ ጋር በሰላም ገብታ ነበር።

በማግሥቱ ከመስቀል ቅዳሴ በኋላ የልጁ እናት መጣች። «አባ፥ ልጄን ስለ ገሠጹልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ «ሰንጢዋ ግን የእኔ ናት። ትናንት ሸንኮራ ሊልጥባት ሳላየው አንሥቷት ነው። ነገ ማለዳ ወደ ጫካው ስወጣ ልጡን በምን ልቍረጥ?» ጥቂት ዝም ካለች በኋላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ደግሞም ብቻዬን የምወጣበት ቀን አለ» አለች። ሰንጢዋን መለስሁላት። ያችን የመጨረሻ ቃልዋን ግን ስመረምር ሰነበትሁ።

ከኮተቤና ከየካ በላይ ባለው የእንጦጦ ተራራ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማይቱ ማገዶ ሲሰጥ ኖሯል። ያን ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቍልቍለቱን ሲወርዱ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዛሬም ያላያቸው የአካባቢው ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ሸክሙ የሚታሰርበትን ልጥ ለመላጥ፥ ገመዱን ለመቍረጥ ስለት ያስፈልጋል። ጨለማው ሳይገፍ በጫካ መንገድ ላይ ብቻዋን የምትገኝ ሴት የምትፈራው ደግሞ ጅብን ብቻ እንዳልሆነ ለምእመናን መንገር አይኖርብኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ክርስቲያን ስለት በኪሱ ይዞ ሊሄድ ይገባዋልን? ልጁን የከለከልሁበት ምክንያት ለእናቱም ይሠራልን? ለእኔስ?

አስቀድመን ለሰንጢ የሚገባውን ክብር እንስጠው። በገጠር ያደገ ሰው እረኛው ከሸምበቆ ዋሽንት የሚቀርጸው በምን እንደ ሆነ ያውቃል። ብራና ላይ የሚጽፈው ጸሐፊ መቃ ብዕሩን የሚያሾለው፥ የተሳሳተውንም ፊደል ከቆዳው ላይ ፍቆ የሚያነሣው በስለት ነው፤ ያለ ስለት አንድ ዳዊት እንኳ ባልተጻፈልን ነበር። በፋሲካ የቅርጫው በሬ በስመ ሥላሴ ተባርኮ ይታረዳል፤ ሥጋውም ለድኻውም ለባለጸጋውም እኩል መደብ ሆኖ የሚከፋፈለው በቢላዋ ነው። በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድ ጊሌ በወገብ ላይ በግልጽ የሚታጠቁት የማዕረግ ዕቃ ነው። በነገራችን ላይ፥ ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የካራን ሰፈር ስም የሚሰማ እንግዳ ትልቁን ቢላዋ ያስብ ይሆናል፤ በኦሮምኛ ግን ካራ ማለት መንገድ ነው። ስፍራው ከከተማ መውጫ እንደ መሆኑ ይህኛው ትርጉም ይበልጥ የሚስማማው ይመስለኛል።

ቅዱስ አውጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ398 ገደማ ፑብሊኮላ ለተባለ ሰው በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ ነገር ነክቶታል። ለመልካም ሥራ የያዝነው ዕቃ ያለ ፈቃዳችን በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያመጣ በደሉ የእኛ አይሆንም ይላል፤ አለዚያማ ለቤትም ለእርሻም የሚሆን ብረት ሊኖረን ባልተገባ ነበር፤ ሰው እንዳይታነቅበትም ዛፍና ገመድ ሁሉ መወገድ በኖረበት ነበር። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ፥ ወታደር ወይም የሕዝብ አገልጋይ ያልሆነ ሰው ራሱን ለማዳን ሲል ሌላውን እንዲገድል የሚሰጠውን ምክር እንደማይወድ ይናገራል። ብረቱን ፈቀደ፤ ብረቱን የሚያነሣውን እጅ ግን ያዘ።

ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ቅዱስ ቶማስ አኳይናስ በሱማ ቴዎሎጊካ ይህን የአውጎስጢኖስን ቃል በተቃውሞ መልክ አቅርቦ ይመልስለታል። አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የታሰበ፥ ሌላው ከሐሳብ ውጭ የሆነ። በጫካ የተያዘች ሴት ሕይወቷን ለማዳን ብትከላከል ሐሳቧ ማዳን ነውና አትኰነንም። ይሁን እንጂ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል የተጠቀመ ሰው ድርጊቱ ያልተፈቀደ ይሆንበታል፤ ለግል ሰውም መግደልን ማሰብ አይገባውም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲያስተምር የቶማስን ትምህርት ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ቶማስ የሚመዝነው ሐሳብን ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ሁልጊዜ በጠብ ሰዓት አይወለድም። ብዙ ጊዜ የሚወለደው ቤት ውስጥ፥ ጫማ ሲታሰር ነው። አንድ ጐረምሳ ለበዓል ምሽት ሲወጣ «የሚነካኝ ቢኖር» ብሎ ሰንጢውን ኪሱ የከተተ እንደ ሆነ፥ ያ የሚነካው ሰው ገና ሳይታወቅ ተፈርዶበታል። ሌላም ጉዳት አለው። በአገራችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ መንገደኛው ሁሉ ገላጋይ ነው፤ አንዱ እጅ ይይዛል፥ ሌላው «በእናታችሁ» ይላል፥ ባልቴቶች መሐል ይገባሉ። ቡጢ ገላጋይ እስኪደርስ ጊዜ ይሰጣል፤ ሰንጢ ገላጋይ አይጠብቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም ሰውን ሆነ ብሎ በመሣሪያ ያቈሰለውን በባዶ እጁ ከመታው ይልቅ አክብዶ መቅጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለብዙ ቀናት አንድ መለያ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ሥራ የሠራ ሰንጢ መሣሪያነቱ ለሥራ ነው፥ ምንም ያልቈረጠ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነገር አለ ብዬ። ለትምህርተ ክርስቶስ ልጆችም ይህንኑ ላስተምር አስቤ ነበር። ወንጌሉ ግን ከለከለኝ።

ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው ሉቃስ ይነግረናል። በግሪኩ የተጻፈው ቃል ማኻይራ ነው፤ ሰብዓ ሊቃናትም አብርሃም ወደ ተራራው ይዞት የወጣውን ቢላዋ በዚሁ ቃል ተርጕመውታል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ደቀ መዛሙርቱ ከማዕድ ተነሥተው የመጡ ስለ ነበሩ ስለቱ በእጃቸው የተገኘው ስለ በጉ ሳይሆን እንዳልቀረ ይናገራል። እንዲህ ከሆነ፥ የማልኮስን ጆሮ የቈረጠው ብረት በዚያችው ምሽት ተገቢ ሥራውን ሠርቶ፥ የፋሲካውን በግ ቈርጦ የመጣ ነው። ከተቀደሰው ማዕድ እስከ አትክልቱ ስፍራ ያለችው አጭር መንገድ በቃችው። ጴጥሮስም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚወደውን መምህር ሊከላከል ነው የመዘዘው።

ጌታም ወዲያ ጣለው አላለውም። ወደ ስፍራው እንዲመልሰው አዘዘው (ማቴ. 26፥52)። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ «ስፍራው» የሚለውን ግን ሳላስተውል አልፈው ነበር። ስለት ስፍራ አለው። በጫካው ውስጥ በምትሠራ ሴት እጅ ስፍራው ነው፤ በደመራ ዙሪያ፥ ሺህ ሰው በሚጋፋበት፥ ጠላም በቀመሰ ወጣት ኪስ ስፍራው አይደለም፤ ያው አንዱ ሰንጢ ሆኖ ሳለ።

በካህን ኪስስ? ከሦስት ዓመት በፊት በሽተኛ ጠይቄ ስመለስ መሽቶብኝ፥ ታክሲው ከዋናው መንገድ አውርዶኝ ዳገቱን ብቻዬን ስወጣ፥ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች እየፈጠኑ ሲመጡ ሰማሁ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ኪሴ ገባ፤ አውራ ጣቴም ስለቱን ግማሽ ድረስ ከፈተው። ሲደርሱብኝ፥ «አባ፥ ጅብ ወጥቷል ሲሉ ሰምተን ልንሸኝዎ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም ያቈረብኋቸው እኔ ነኝ። እስከ በሬ ድረስ ሸኙኝ፤ እኔም በመንገዱ ሁሉ እጄን ከኪሴ ለማውጣት አፈርሁ። መፋቂያ ስቀርጽባት የኖርሁባት ሰንጢ ናት፤ በዚያች ሌሊት ግን እጄ ያወቃት ለሌላ ነበር።

እናቲቱን በተመለከተ፥ ሰንጢዋን መመለሴ ተገቢ እንደ ነበረ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን አንዲት እኅታችን በማለዳ ለሥራ ስትወጣ የምትተማመንበት ነገር ከአንድ ጣት የማይበልጥ አሮጌ ብረት ብቻ ከሆነ፥ ነቀፋው በእርስዋ ላይ ሳይሆን በእኛ በጎረቤቶቿ ላይ ነው። ይህን በማኅበረ እናቶች ስብሰባ ላይ ተናገርሁ፤ ዛሬ ወደ ጫካው የሚወጡት ቀጠሮ ይዘው አራትና አምስት ሆነው ነው። ሰንጢዋን አልተወችም፤ እኔም እንድትተው አልጠየቅኋትም።

ልጁንም በሚቀጥለው እሑድ በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ በፊታቸው አዋርጄው ነበርና በፊታቸው መሆን ነበረበት። በዚያን ቀን በኪሴ የነበረውንም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ሕፃናቱ ሳቁ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። «እና አባ፥ አሁን የት ናት?» አለኝ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት።

አሁን በበዓልና በእሑድ ቀን ከምእመናን ስለት ጋር በጥበቃው ቤት ባለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልወስዳት ብሄድ፥ ጥበቃው ከደጅ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥባት አገኘሁት፤ ግማሹን ሰጠኝ።